በጣሪያ ላይ ያለው ገዳም

ኢየሩሳሌም የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው በአገራችን የለም። በጸሎት ይነሣል። ሴት ልጅ ስትወለድም ስም ሆኖ ይወጣል። ድሮ አባቶቻችን ወደዚያ የሚሄዱት በእግር፣ በግመልና በመርከብ ነበር። መንገዱ ወራት ይፈጅ ነበር። በበረሃ የቀረው ብዙ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው።

እኛም ሄደን አየን። ዛሬ የምንነግራችሁ እዚያ ስላየነው አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያንና በጣሪያው ላይ ስላለ አንድ ትንሽ ገዳም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ገዳሙ ዴር ሱልጣን ይባላል። ዴር ማለት በዐረብኛ ገዳም ማለት ነው። በዚህ ገዳም የሚኖሩት የኛ አገር መነኮሳት ናቸው።

ስንሄድ አንድ ጥያቄ ይዘን ነበር። ገዳሙ የኢትዮጵያውያን ነው ይባላል። አይደለም፣ የኛ ነው የሚሉ ሌሎችም አሉ። ክርክሩ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው? ይህን በዓይናችን ለማየት ፈለግን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የነሱ ቁጥር ከኛ በሰባት ወይም በስምንት ይበልጣል። ለምሳሌ 1970 ብለን የጻፍነው የትንሣኤ በዓል በኛ አቆጣጠር 1962 ዓ.ም. ነው።

አሮጌው ከተማ

ኢየሩሳሌም ዛሬ ሰፊ ከተማ ናት። መኪናውም፣ ፎቁም፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። በመካከሏ ግን በድንጋይ ግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ አለ። ግንቡን ያሠራው ሱለይማን የሚባል የቱርክ ሱልጣን ነው። የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደህና እግረኛ በአንድ ሰዓት ይዞረዋል።

በግንቡ በር ገባን። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ሁለት የተጫኑ አህዮች ፊት ለፊት ቢገናኙ አንዱ ቆሞ ማሳለፍ አለበት። መሬቱ ድንጋይ ነው። የብዙ ዘመን እግር ስለረገጠው አብለጭልጯል። ብዙው መንገድ ደረጃ ነው። በግራና በቀኝ ሱቅ አለ። ቅመም፣ ዳቦ፣ የቆዳ ጫማ፣ ጧፍና መስቀል ይሸጣል።

በዚያ ጠባብ መንገድ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም ይተላለፋል። ዐረብኛና ዕብራይስጥ ይሰማል። አማርኛም ይሰማል። ከኢትዮጵያ ሄደው በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ብዙ ናቸው። አንዲት እናት ነጠላ ለብሰን ሲያዩን፣ «ከየት መጣችሁ ልጆቼ?» አሉን። በሰው አገር የራስን ቋንቋ መስማት ልብን ያሞቃል።

ታላቁ ቤተ ክርስቲያን

በመንገዱ መጨረሻ በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ አለ። ስፋቱ መጠነኛ ነው። ከፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያኑ ይታያል። ከውጭ ሲያዩት አይን አይስብም። አሮጌ ድንጋይ ነው። ሁለት ትላልቅ በሮች ነበሩት። የቀኙ በር በድንጋይ ተደፍኗል። ዛሬ የሚገባው በግራው ብቻ ነው።

ታሪኩ ረጅም ነው። አሳጥረን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ያሠራው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው። ሥራው የተጀመረው በ326 አካባቢ ነው። በ335 ተመረቀ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆመ። በ1009 የግብጹ ገዥ አል ሐኪም አፈረሰው። በ1048 የቁስጥንጥንያ ነገሥታት እንደገና ሠሩት። በ1099 የመስቀል ጦረኞች የሚባሉት የአውሮፓ ወታደሮች ከተማዋን በጦር ያዙ። ቤተ ክርስቲያኑን አስፍተው ሠሩት። በ1149 ሥራቸውን አስመረቁ። ዛሬ ከምናየው ሕንፃ ብዙው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። እንግዲህ ስንቆጥረው ከ870 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በ1187 ሳላዲን የሚባለው የሙስሊሞች ንጉሥ ኢየሩሳሌምን መልሶ ያዘ። ቤተ ክርስቲያኑን ግን አላፈረሰውም።

የበሩ ነገር ይገርማል። የዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ቁልፍ በክርስቲያን እጅ አይደለም። ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው የሚጠብቁት። ጁዴህ የሚባለው ቤተሰብ ቁልፉን ይይዛል። ኑሰይባ የሚባለው ቤተሰብ በሩን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ይህ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቷል።

ለምን ቁልፉ ለሌላ ሰው ተሰጠ? ክርስቲያኖቹ እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ ነው ይባላል። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ስድስት ወገኖች ድርሻ አላቸው። እነሱም ግሪኮች፣ ካቶሊኮች፣ አርመኖች፣ የግብጽ ቅብጦች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን ናቸው። ይህ ደረጃ የማን ነው? ያንን መብራት ማን ያበራል? ይህን መስኮት ማን ይጠርጋል? ሁሉም ነገር ተከፋፍሏል። በ1852 የቱርክ ሱልጣን፣ «ሁሉም እንደነበረ ይቀጥል፤ ማንም ምንም አይለውጥ» የሚል ትእዛዝ አወጣ። ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

ከበሩ በላይ፣ ከመስኮት ሥር፣ አንድ ትንሽ የእንጨት መሰላል ቆማለች። ከ200 ዓመት በላይ እዚያው ናት። ማንም አያነሣትም። የሚያነሣት ሰው የሌላውን ድርሻ ነካ ይባላል። አንድ መሰላል ማንሣት እንኳ እንዲህ ከከበደ፣ ስለ አንድ ገዳም ያለው ክርክር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ውስጡን አየነው

ከበሩ ስንገባ ጨለም ይላል። የጧፍና የዕጣን ሽታ አለ። ፊት ለፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ላይ ተኝቷል። የጌታ ሥጋ ለመቃብር የተዘጋጀበት ስፍራ ነው ይባላል። ተሳላሚዎች ተንበርክከው ይስሙታል። ነጠላቸውን ያብሱበታል። በቀኝ በኩል ቀጥ ባለ ደረጃ ወደ ጎልጎታ ይወጣል። በግራ በኩል መቃብሩ አለ። መቃብሩ በትልቁ ቤት ውስጥ የተሠራ ትንሽ ቤት ነው። በ2016 እና በ2017 ታድሷል። ግሪኮች፣ ካቶሊኮችና አርመኖች ተስማምተው ነው ያሳደሱት። ሲስማሙ ሥራው ይሠራል ማለት ነው።

ከዚያ በስተምሥራቅ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አለ። በደረጃው ግድግዳ ላይ ትናንሽ መስቀሎች ተቀርጸዋል። ቁጥራቸው ብዙ ነው። እንደ ዘር ተዘርተዋል። የተቀረጹት ለድሮ ተሳላሚዎች መታሰቢያ ነው። ደረጃው የሚያደርሰው ወደ ንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት ነው። እሌኒ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት። ቤቱ ከመሬት በታች ነው። ግን ጨለማ አይደለም። ከላይ፣ ከጣሪያው መካከል፣ ብርሃን ይወርዳል። ይህን ብርሃን አስታውሱት። ከየት እንደሚመጣ ኋላ እናያለን።

ወደ ጣሪያው ስንወጣ

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ወደ አደባባዩ ተመለስን። በአደባባዩ ጥግ አንዲት ትንሽ በር አለች። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። በዚያች በር ገባን። ውስጧ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ነው። ጠባብ ነው። ከዚያ በጠባብ ደረጃ ወደ ላይ ወጣን። ሁለተኛ ጸሎት ቤት አገኘን። ይህ የአርባዕቱ እንስሳ ነው። በግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። ንግሥተ ሳባ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ስትመጣ ያሳያል። ከሥዕሉ አጠገብ አንድ መነኩሴ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ቀና ብለው ባረኩን።

እነዚህን ሁለት በሮች፣ የታችኛውንና የላይኛውን፣ በልባችሁ ያዙ። የክርክሩ ሥር እነሱ ናቸው።

በላይኛው በር ስንወጣ ፀሐይ ተቀበለን። ሰፋ ያለ ግቢ አየን። የቆምነው በጣሪያ ላይ ነው። በግቢው መካከል እንደ ተደፋ እንቅብ ያለ ጉልላት አለ። ዙሪያውን መስኮት አለው። ያ ከታች ያየነው ብርሃን የሚገባው በዚህ ነው። መነኮሳቱ ከላይ ይመላለሳሉ። ተሳላሚው ከታች፣ ከእግራቸው ሥር፣ ይጸልያል።

በግቢው ጥግ ትናንሽ ጎጆዎች ተደርድረዋል። ግድግዳቸው ድንጋይና ጭቃ ነው። በራቸው አጭር ነው። ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ከመካከላችን አንዱ፣ «ይህማ ያገሬ መንደር ነው!» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ የድንጋይ ከተማ ጣሪያ ላይ የኢትዮጵያ መንደር ተቀምጧል።

ግቢውን ማን ሠራው?

ግቢውን በደንብ ስናይ አንድ ሌላ ነገር አገኘን። በግድግዳው ላይ የተሰበሩ ቅስቶች አሉ። ቅስት ማለት እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ የድንጋይ ሥራ ነው። እነዚህ ቅስቶች የጎጆዎቹ አይደሉም። በጣም የቀደሙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቀል ጦረኞች ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሰፉ የአውሮፓ ካህናት አብረዋቸው መጡ። ካህናቱ በማኅበር የሚኖሩ ነበሩ። በአውሮፓ ገዳም ልማድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አራት ማዕዘን ግቢ ይሠራል። መካከሉ ክፍት ነው። በአራቱም ጎን በቅስት የተያዘ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይዞረዋል። መነኩሴው ዝናብ ሳይመታው፣ ፀሐይ ሳያቃጥለው፣ በዚያ እየተመላለሰ ይጸልያል፤ ያነባል። የምግብ ቤቱ፣ የመኝታ ቤቱና የስብሰባ ቤቱ በር ወደዚያ መተላለፊያ ይከፈታል። የኛዎቹ ከአንድ አዳራሽ ይልቅ በየጎጆው ተለያይተው መኖር የለመዱ ናቸው። የአውሮፓዎቹ ግን ሁሉን ነገር በአንድ ግቢ ዙሪያ ያደርጋሉ።

እዚህም እንዲህ ያለ ግቢ ሠርተው ነበር። ከሥሩ የእሌኒ ጸሎት ቤት ስለነበረ ጉልላቱ በግቢው መካከል ብቅ አለ። በ1187 ከተማዋ በሳላዲን እጅ ስትወድቅ ካህናቱ ጥለው ሄዱ። ግቢው ፈረሰ። የምግብ ቤቱና የመተላለፊያው ቅስቶች ብቻ ቀሩ። የኛ መነኮሳት ኋላ በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ጎጆ ቀለሱ። አንዱ ማኅበር ጥሎት በሄደው ግቢ ሌላው ማኅበር ጸሎቱን ቀጠለ።

መነኮሳቱ እንዴት ይኖራሉ?

አንድ ሸምገል ያሉ አባት ወደ ጎጆአቸው አስገቡን። አንድ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ መቋሚያ፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ የጌታና የእመቤታችን ሥዕል አለ። ሌላ ብዙ ዕቃ የለም።

«አባ፣ ብርዱ አይከብድዎትም?» አልናቸው።

«ክረምቱ ይከብዳል ልጆቼ። አንዳንድ ዓመት በረዶ ይጥላል። ግን ለምደነዋል» አሉ።

«ጎጆዋን ለምን አያሳድሷትም?»

ሳቅ አሉ። «አንድ ድንጋይ ብናነሣ ጠብ ይነሣል» አሉን።

ይህ መልስ ቀልድ አይደለም። በዚያ ቦታ ልማድ፣ ቤት የሚያሳድስ ሰው ባለቤት ነኝ ማለቱ ነው። ስለዚህ አንዱ ሊያድስ ሲነሣ ሌላው ይከለክላል። ቤቱ እየተጎዳ ይኖራል።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ግቢው ይሞላል። የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ከኢትዮጵያና ከሌላም አገር የመጡ ተሳላሚዎች ነጭ ለብሰው ይሰበሰባሉ። ከበሮው ይመታል። ጸናጽሉ ይንሿሿል። ካህናቱ በጥላ፣ ሕዝቡ በጧፍ፣ ጉልላቱን እየዞሩ ይዘምራሉ። ሌሊቱን በዚያ የደረሰ ሰው ያለው በአገሩ ይሁን በሰው አገር ይጠፋዋል ይላሉ።

ወረቀቱ የት ሄደ?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ገዳሙ የማን ነው?

ኢትዮጵያውያን፣ «የኛ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ነበርን» ይላሉ። በትውፊት ነገሩን እስከ ንግሥተ ሳባና እስከ ሰሎሞን ያደርሱታል። ቅብጦች ደግሞ፣ «ገዳሙ የኛ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ያስጠጋናቸው እንግዶች ናቸው» ይላሉ። ቅብጦች ማለት የግብጽ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው። ለኛ ባዕድ አይደሉም። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከግብጽ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ይህ የወንድማማች ክርክር ነው። የወንድማማች የርስት ክርክር ደግሞ እንደሚመር እናንተም ታውቃላችሁ።

ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም ጥንት እንደነበሩ ምስክር አለ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ የሄዱ ተሳላሚዎች ሐበሾችን በዚያ እንዳዩ በመጽሐፋቸው ጽፈዋል። በ1441 ደግሞ ከኢየሩሳሌም የሐበሻ ገዳም የተላኩ መነኮሳት ጣሊያን አገር፣ ፍሎሬንስ ድረስ ለጉባኤ ሄደው ነበር። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በታች፣ የራሳቸው የጸሎት ስፍራ ነበራቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢየሩሳሌም በቱርክ እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ ግብሩ ከበደ። አገራቸው ሩቅ ነው። ገንዘብ የሚልክላቸው አልነበረም። የታችኛውን ስፍራ እያጡ ሄዱ። የቀራቸው ጣሪያው ነበር።

በ1838 የባሰ መጣ። በኢየሩሳሌም ወረርሽኝ ገባ። በዴር ሱልጣን የነበሩት መነኮሳት ከጥቂቶች በቀር አለቁ። የመጻሕፍት ቤታቸውም ተቃጠለ። ምክንያት ሆኖ የተነገረው፣ «መጻሕፍቱ በሽታ ያስተላልፋሉ» የሚል ነው። ብራናው ተቃጠለ። አብሮ ወረቀቱ ተቃጠለ። ስለ ይዞታቸው የሚናገር ደብዳቤም ሆነ ማኅተም በእጃቸው አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የበሮቹ ቁልፍ በቅብጦች እጅ ሆነ። መነኮሳቱ ግን ከጎጆአቸው አልወጡም። በገዛ ገዳማቸው ደጅ የሌላ ሰው ቁልፍ እየጠበቁ ኖሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። ሰው ሲሞት ቃሉ አብሮት ይቀበራል። «አባቴ ነግሮኛል» የሚለው ቃል በዳኛ ፊት ይደክማል። በዴር ሱልጣን የሆነው ይኸው ነው። የሚያውቁት አባቶች ሞቱ። የሚናገረው ወረቀት ተቃጠለ። ለኛ የቀረልን ምስክር ሌሎች በየመጽሐፋቸው ስለኛ የጻፉት ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ነገሥታቱ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ከአሮጌው ከተማ ውጭ መሬት አስገዝተው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893፣ አለቀ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ይባላል። ክብ ነው። ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። ያለበት መንገድ ዛሬም የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። በገንዘብ በተገዛው በዚያ ቦታ የቁልፍ ክርክር የለም።

የቁልፉ ክርክር

ጣሪያው ላይ ግን ክርክሩ ቀጠለ። በ1961 አሮጌውን ከተማ ያስተዳድር የነበረው የዮርዳኖስ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ፈረደ። ቁልፉም ተሰጣቸው። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ፍርዱ ታገደ፤ ቁልፉ ተመለሰ። በ1967 በጦርነት አሮጌው ከተማ በእስራኤል እጅ ገባ።

በ1970 የትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ቅብጦቹ ለጸሎት ወደ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። በዚያች ሌሊት ኢትዮጵያውያኑ የሁለቱን ጸሎት ቤቶች ቁልፍ ለወጡ። ቅብጦቹ ሲመለሱ ቁልፋቸው አልከፍት አለ። ከሰሱ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለቅብጦች ይመለስ ብሎ ፈረደ። ነገር ግን መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ እንዲወስን ጊዜ ሰጠ። መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ። ከዚያ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። የመጨረሻው ውሳኔ እስካሁን አልተሰጠም። ቁልፉ በኢትዮጵያውያን እጅ ነው።

ቅብጦቹም መብታቸውን አልተዉም። አንድ መነኩሴያቸው በግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መቀመጣቸው፣ «እኛም አለን» ማለት ነው። በ2002 በበጋው ሙቀት የተቀመጡት መነኩሴ ወንበራቸውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ጠጋ አደረጉ። ያቺ ጥቂት እርምጃ ጠብ አስነሣች። ኢትዮጵያውያኑ፣ «ድንበር ተገፋ» አሉ። ድንጋይና ዱላ ተማዘዙ። 11 ሰው ሆስፒታል ገባ። ሁሉም የጸሎት ሰዎች ነበሩ።

በ2017 የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ጣሪያ ፍርስራሽ ወደቀ። ቤቱ ለጊዜው ተዘጋ። በ2018 የእስራኤል መንግሥት ሊያሳድሰው ሲል ቅብጦቹ፣ «ቤቱ የኛ ነው፤ እኛ እናድሰዋለን» ብለው በር ላይ ቆሙ። ፖሊስ አነሣቸው። እድሳቱ ተሠራ።

እንግዲህ ያችን መሰላል አስታውሱ። የአንድ ወንበር ነገርም እንደሷ ነው። ሕግ ባልቆረጠው ነገር ሰው እያንዳንዷን ስንዝር በሰውነቱ መጠበቅ ይኖርበታል።

ምን ይዘን ተመለስን?

ከግቢው ስንወጣ በሌላኛው በር ወጣን። ይህ በር ከቅብጦች መንበር አጠገብ ነው። ከዚያ በደረጃ ወደ ገበያው ይወርዳል። በሩ አጠገብ ያገኘናቸውን አንድ የቅብጥ መነኩሴ እጅ ነሣናቸው። እሳቸውም በፈገግታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቆቡ ይለያያል እንጂ ጾሙና ጸሎቱ ይቀራረባል።

ይዘነው የሄድነው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። የሚዘጋውም ሕግና ስምምነት ነው። ሁለት ነገር ግን አየን። አንደኛው የመነኮሳቱ ጽናት ነው። በወረርሽኝ አለቁ፤ ሌሎች ተተኩ። ቁልፍ ተቀሙ፤ አልወጡም። ጎጆው አረጀ፤ አልለቀቁም። ዛሬ በዚያ የኢትዮጵያ ስም ካለ፣ በነሱ መቆየት ነው።

ሁለተኛው የጽሑፍ ነገር ነው። መነኮሳቱ የተማሩ ነበሩ። ብራና ነበራቸው። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ቤት አኑረው ነበርና አንድ እሳት ሁሉን በላ። ማንበብና መጻፍ ካወቅን ወዲህ የኛም ነገር እንዲሁ ነው። የመሬት ደብተር፣ የልደት ወረቀት፣ የውል ስምምነት በቤታችን አለ። አይጥ ሊበላው፣ ዝናብ ሊያርሰው፣ እሳት ሊያገኘው ይችላል። አንዱን ቅጂ በሌላ ቤት ማኖር፣ ምን እንደሚልም ለልጅ ማስነበብ ጥሩ ነው። ለዴር ሱልጣን መነኮሳት አንዲት ቅጂ በሌላ ቦታ ተቀምጣላቸው ብትሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር በሌላ መንገድ በሄደ ነበር።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

1. በዴር ሱልጣን የሚያሳድስ ሰው ባለቤት ይባላል። ይህ ልማድ ምን ይጠቅማል? ምን ይጎዳል?
2. በአካባቢያችሁ ወረቀት በመጥፋቱ የተነሣ የድንበር ወይም የርስት ክርክር አለ? እንዴት ተዳኘ?
3. ከ1838 እስከ ዛሬ ስንት ዓመት ሆነ? ጽፋችሁ አስሉ።